የልጅ እጅ የሠራት ከተማ

ውድ እናቶችና እኅቶች፤ በዓል በደረሰ ቁጥር እናንተም እንደ እኔ ከሥራ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ማድ ቤት ስትሯሯጡ የዋዜማው ሌሊት ሳታስቡት ከተፍ ይልባችኋል። ዶሮው ተገነጣጥሎ፣ ድፎው ተደፍቶ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ ሲያበቃ «ለመሆኑ ልጆቼ በዚህ ሁሉ መካከል ምን ይሠሩ ነበር?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በእኔ ቤት መልሱ አጭር ነው። «ከማድ ቤት ውጡ» ተብለው ነበር። ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ላጫውታችሁ የተነሣሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህች ከተማ የምትሠራው ከዝንጅብል ብስኩት ሲሆን፣ ከሠሪዎቿ መካከል እጅግ የሚበዙት ሕፃናት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እኅቴ የምትኖረው በኖርዌይ አገር በምዕራቡ የባሕር ጠረፍ ባለችው በበርገን ከተማ ነው። ባለፈው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ለብዙ ጊዜ ስቆጥበው የኖርሁትን የዓመት ፈቃድ ይዤ ልጠይቃት ሄድሁ። ሥራዋ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሲሆን፣ አንዳንድ ሳምንት በቀን፣ አንዳንድ ሳምንት በሌሊት ተራ ትገባለች። አምስት ዓመት የሆናት አንዲት ሴት ልጅ አለቻት።

በርገን በሰባት ተራሮች የተከበበች ናት ይባላል። ደሴ ተወልዶ ጦሳን እያየ ላደገ ሰው ተራራው አዲስ አይሆንበትም። አዲስ የሚሆንበት ዝናቡ ነው። በዓመት የሚወርደው ዝናብ ከ2 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሚወርደው እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚያ ላይ ኅዳር ሲገባ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ከሥራ የሚወጣ ሰው በጨለማ ይወጣል፤ ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት የሚወስደውም በጨለማ ነው። ታዲያ በዚህ ጨለማና ዝናብ ወቅት የከተማው ሕዝብ ምን እንደሚጠብቅ የገባኝ፣ የእኅቴን ቤት በር እንዳለፍሁ ነው። ቤቱ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ይሸታል። እናታችን ለእንግዳ የምታፈላው ሻይ መሰለኝ። እኅቴ ግን ሻይ አልጣደችም ነበር፤ ያሸተተኝ በጎድጓዳ ሳህን ተሸፍኖ ያደረ ሊጥ ነው።

የብስኩቷ ከተማ

የበርገን ሰዎች ይህን ብስኩት «ፔፐርካከ» ይሉታል። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ የቁንዶ በርበሬ ኬክ ማለት ነው። ከብስኩቱ የሚሠሩትን ትንሽ ከተማ ደግሞ «ፔፐርካከቢየን» ይሏታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ነው። ከዚያ ወዲህ የበዓሉ ወቅት ሲቃረብ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች፣ የትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና ቤተሰቦች በየፊናቸው ቤት፣ መርከብ፣ መኪናና ባቡር እየጋገሩ ያመጣሉ። የተሰበሰበው ሁሉ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተራራና መንገድ ባለው መደብ ላይ ይደረደራል። መብራት ይበራለታል። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ድረስ ሕዝብ ይጎበኘዋል። ቁጥሩ ወደ 2 ሺህ የሚደርስ ሥራ ይሰበሰባል፤ የከተማው ሰዎችም «በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ የብስኩት ከተማ የለም» እያሉ ይኮራሉ።

መቼም «ቅመሙ ለኖርዌይ ከየት መጣ?» ሳትሉ አትቀሩም። በርገን የቆየች የንግድ ወደብ ናት። ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሐንዛ የተባለው የጀርመን ነጋዴዎች ማኅበር በዚያ ጽሕፈት ቤት ነበረው። ከሰሜን የሚመጣውን የደረቀ ዓሣ ይገዛል፤ እህልና ሌላ ሸቀጥ ይሸጣል። የነጋዴዎቹ ሠፈር ብሩገን ይባላል። ሹል ጣራ ያላቸው የእንጨት ቤቶቹ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው ዛሬም በወደቡ ዳር ቆመዋል። በማርና በቅመም የሚጋገር ዳቦም በጀርመን ከተሞች፣ በተለይም በኑረምበርግ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የታወቀ ሙያ ነው። ብስኩቱን በቤት ቅርጽ መሥራት ደግሞ የተስፋፋው፣ የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባሳተሙት የተረት መጽሐፍ ሳቢያ እንደሆነ ብዙዎች ይናገራሉ። በዚያ ተረት ሁለት ልጆች በጫካ ውስጥ ሲጠፉ ግድግዳው ዳቦ፣ መስኮቱ ስኳር የሆነ ቤት ያገኛሉ።

ይኼ ሁሉ ታሪክ ነው። ለእኅቴ ግን የብስኩት ቤት ሌላ ነገር ያስታውሳት ነበር። ይኸንንም የነገረችኝ ልጅቱ ከተኛች በኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

ካቻምና የሆነው

ካቻምና ልጅቱ ገና አራት ዓመቷ ነበር። እናትና ልጅ አብረው ቤት ለመጋገር ተቀምጠው፣ ልጅቱ ሊጡን ጠፍጥፋ፣ ቆራርጣ፣ ግማሹን በጥሬው ቀምሳ፣ ጠማማ ግድግዳ ሠራች። እኅቴ ከሌሊት ሥራ ገብታ ስታየው አፈረች። «የእነሱ ልጆች አሳምረው ሲያመጡ የኔ ልጅ እንዲህ ይዛ ትሂድ? ደግሞ የውጭ አገር ሰው ልጅ ስለሆነች ነው ቢሉስ?» ብላ አሰበች። እንቅልፏን ትታ ጎህ እስኪቀድ ድረስ እንደ ገና ጋገረች። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ጣራው እንደ በረዶ የነጣ፣ ከመጽሔት ላይ የተቀዳ የመሰለ ቤት ሠራች። የልጅቱን ጠማማ ቤት ሰባብራ በሳጥን አስቀመጠችው።

ከዚያ በዓሉ ደረሰ። እኅቴ ተራዋን መቀየር ስላልቻለች ልጅቱን ወደ ትርኢቱ የወሰደቻት ጎረቤት ናት። ጎረቤቲቱ «ያውልሽ ቤትሽ!» ብላ ብታሳያት፣ ልጅቱ አየት አድርጋ አለፈችው። ማታ እናቷን ይዛ፣

«እማዬ፣ የኔ ቤት የለም። እዚያ ያለው ያንቺ ቤት ነው» አለቻት።

«እኔማ ደግ የሠራሁ መስሎኝ!» አለችኝ እኅቴ። «አንድ ሌሊት እንቅልፌን አጥቼ ልጄን ከገዛ ቤቷ አስወጣኋት።»

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ስትሰሙ ፈገግ ብላችሁ ይሆናል። እኔ ግን የገዛ ልጄ የቤት ሥራ ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤቱ «ከወዳደቀ ዕቃ አንድ ነገር ሠርታችሁ አምጡ» ባለ ጊዜ፣ መኪናውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጎማውን የቆረጠው አባቱ ነው። ልጁ የሠራው ነገር ቢኖር ተሸክሞ መሄድ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ከመምህሩ ምስጋና አግኝቶ ሲመለስ ለምን እንዳልተደሰተ አልገባኝም ነበር።

የአያቴ ቤት

እንግዲህ ባለፈው ዓመት እኅቴ ቃል ገባች። ቤቱን የምትሠራው ልጅቱ ናት። እናት እሳቱንና ቢላዋውን ትጠብቃለች፤ አክስት ደግሞ ዝም ብላ ትቀመጣለች። የሁላችንንም ሥራ የደለደለችው ራሷ ልጅቱ ናት።

«ምን ዓይነት ቤት ትሠሪያለሽ?» አልኋት።

«የአያቴን ቤት።»

ደሴ ያለውን የእናታችንን ቤት የምታውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ፎቶግራፉን ከግድግዳ አስወርዳ ከፊቷ አቆመችው። ሊጡን በመዳመጫ ስታሳሳ አንዱ ወገን ወፈረ፣ አንዱ ወገን ሳሳ። እኅቴ እጇን ወደ መዳመጫው ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ልጅቱ ለጣራው ያለችውን በሹካ ጭራ ጭራ የቆርቆሮ መስመር አወጣችለት። ለመስኮቱ ቀይ ከረሜላ ፈጭተን በቀዳዳው ውስጥ አደረግንላት፤ በምድጃው ውስጥ ቀልጦ እንደ መስታወት ሆነ። አጥር የሌለው ቤት ቤት አይደለም ብላ የቀረፋ እንጨት እየሰባበረች ዙሪያውን ተከለች። ሲያልቅ ቤቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር። እናቴ ቤትም እኮ ከጊዜ ብዛት እንደዚያው ነው!

ሥራዎቹ የሚሰበሰቡበት ቀን ቤቱን በካርቶን ላይ አድርገን በቀላል ባቡር ተሳፈርን። ሰው ሞልቶ ነበር። ባቡሩ ሲቆም አንድ ቦርሳ ካርቶኑን ነካው፤ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን። የፊተኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ፊቷ ብቻ ጭው አለ። እኅቴም ከእሷ ይልቅ ደነገጠች። «እንመለስ፣ ሌላ እንጋግራለን» ስትል ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያም በአገራቸው ቋንቋ ለልጅቱ ረዘም ያለ ነገር አወሯት። እኅቴ ተረጎመችልኝ።

አሮጊቷ ያወሩት በ2009፣ ይኸውም በእኛ በ2002 ዓ.ም. ኅዳር ወር ስለ ሆነው ነገር ነው። ያን ዓመት ከተማይቱ ተሠርታ ለሕዝብ ልትከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት፣ በሌሊት ሰው ገብቶ ሰባበራት። ልጆች ለሳምንታት የደከሙበት ቤት ሁሉ ዱቄት ሆነ። ወሬው በመላው አገር ተሰማ። የከተማው ሰው ግን «ለዘንድሮ ቀረ» አላለም። ምድጃውን እንደ ገና አነደደ። ሕፃናቱም፣ አዋቂዎቹም እንደ ገና ጋገሩ። ከተማይቱም በዚያው የበዓል ወቅት ተሠርታ ተከፈተች።

ኖርዌዮች ለእንዲህ ያለው ሥራ «ዱግናድ» የሚል ቃል አላቸው። ትርጉሙን ለእናንተ ለማስረዳት ብዙ አልደክምም፤ ደቦ ማለት ነው። ጎረቤት ያለ ክፍያ ተጠራርቶ የአንዱን ቤት ጣራ ይከድናል፤ የትምህርት ቤቱን ግቢ ያጸዳል፤ ሲያበቃም አብሮ ቡና ይጠጣል። እኅቴ ኖርዌይ ስትገባ መጀመሪያ ያለ አስተርጓሚ የገባት ቃል ይኼ እንደሆነ ነግራኛለች።

ከባቡሩ ስንወርድ ልጅቱ ካርቶኑን ራሷ ለመያዝ ጠየቀች። መረከቢያው ቦታ ስንደርስ ተቀባዮቹ ስንጥቁን አይተው አልተገረሙም። የተሰበረ ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው መሰለኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ የስኳር ማጣበቂያ በከረጢት ተዘጋጅቶ ነበር። ለልጅቱ ሰጧት። እሷም በስንጥቁ ላይ ከላይ እስከ ታች ወፍራም ነጭ መስመር አሰመረች። እኅቴ አፏን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።

የትርኢቱ ቀን

ትርኢቱ ከተከፈተ በኋላ በመጣው ቅዳሜ እኅቴ የማታ ተራ ነበረባት። ያን ተራ ለማስለወጥ ለሥራ ባልደረባዋ የሰጠቻት ምትክ የፈረንጆቹን የገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 24ን ነው። ለኖርዌይ ሰው ከዓመቱ ሁሉ የከበረች ሌሊት ናት። ባልደረባዋ ማመን አቅቷት ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት። እኅቴ ሥቃ «የነሱን ገና እኔ እሠራላቸዋለሁ፣ የኛን ገና እነሱ ይሠሩልኛል» አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው፤ ቀጥሎ ሙቀቱ። ውጭ ዝናቡ ያካፋል፤ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ መስኮቶች ያበራሉ። ብሩገን ከነሹል ጣራዎቹ ቆሟል። መርከብ አለ፤ ባቡር አለ፤ ስሙ የማይታወቅ እንስሳ አለ። የዳቦ ጋጋሪ እጅ የነካው የሚመስል ያማረ ሕንፃ አለ። ከጎኑ ደግሞ ጣራው የተንሸራተተ፣ በሩ ተገልብጦ የተለጠፈ የሕፃን ቤት አለ። ሁለቱም አንድ ዓይነት መብራት በርቶላቸዋል። ጠማማውን ወደ ኋላ፣ ቀጥ ያለውን ወደ ፊት ያደረገ ሰው አላየሁም።

አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ይዞራሉ። ትርኢቱ ከተጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ስለሆነው፣ በልጅነታቸው የጋገሩ ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሕዝቡ የሚሄድበትን መንገድ አስተዋልሁት። ማንም ዝም ብሎ አይመለከትም፤ ሁሉም ይፈልጋል። «ወዴት ነው የኛ?» ይባባላል። ልጅ ያገኘ ጊዜ ይጮኻል። አዋቂውም የሚሄድበትን ትቶ ዞር ብሎ ያይለታል።

እኛም ፈለግን። አንድ ጊዜ ዞርን፤ አጣናት። ሁለተኛ ዞርን። እኅቴ ላብ ላብ አላት። እጄን ይዛ «ተሰብራ ጥለዋት ቢሆንስ?» ብላ አንሾካሾከችብኝ። ልጅቱ ግን ከእኛ ቀድማ ሄዳ ጎንበስ ብላ ቆመች።

«እማዬ! አክስቴ! ስንጥቋ ይኸውላችሁ!»

ከአንድ ትልቅ ቤተ መንግሥት መሳይ ሥራ ጀርባ፣ ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ የእናቴ ቤት ቆማለች። ወደ ግራ አዘንብላለች። የቀረፋ አጥሯ ቆሟል። ነጩ የስንጥቅ መስመር ከሩቅ ይታያል። ቀዩ መስኮት በርቷል። ልጅቱ በአጠገቧ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እየያዘች «የአያቴ ቤት ነው፤ ደሴ ነው ያለው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት» ትል ጀመር። ደሴን የሚያውቅ ባይኖርም ሁሉም ጎንበስ እያለ አየላት። እኅቴ ፎቶግራፍ አንሥታ ያኑ ሌሊት ለእናታችን ላከችላት። እናታችንም በማግሥቱ ደውላ «ጣራዬን ማን ነገራት? እንዴት አድርጋ አወቀችው?» እያለች ስታነባ ሰማኋት።

ለእናንተስ?

ውድ እናቶች፤ «በርገን ሂዱ» ልላችሁ አይደለም። ነገር ግን ለልጅ በዓል የሚሆነው ራሱ የሠራው ነገር ከሌላው ሰው ሥራ መካከል ቆሞ ሲያይ መሆኑን እኛም ከድሮ ጀምሮ እናውቃለን። በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች በቀለም የሣሉትን አበባ ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ የሰጡን ሥዕል ጠማማ ስለነበረ የመለስነው አለን? እንዲያውም ከግድግዳ እንለጥፈው ነበር።

ምድጃ ያላችሁ፣ ለመጪው ገና አንዲት ትንሽ ቤት ከልጆቻችሁ ጋር መጋገር ትችላላችሁ። 150 ግራም የገበታ ቅቤ፣ አንድ የቡና ስኒ ተኩል ያህል ማርና 170 ግራም ስኳር አንድ ላይ በመጠነኛ እሳት ላይ አሟሙ። ለብ ሲል 1 ዴሲ ሊትር ወተት ጨምሩ። ከ450 ግራም የስንዴ ዱቄት ጋር 2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ የደቀቀ ዝንጅብልና ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ፣ ለአመል ያህል ቁንዶ በርበሬ አዋህዱና ለውሱት። ሊጡ መጀመሪያ ላይ ለስላሳ ስለሚሆን አትደናገጡ፤ ተሸፍኖ በቀዝቃዛ ቦታ ሲያድር ይጠነክራል። በማግሥቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ዳምጡት። ሁለት የጎን ግድግዳ፣ ሁለት የፊትና የኋላ ግድግዳ፣ ሁለት የጣራ ክንፍ በካርቶን ልክ ቁረጡ። በ175 ዲግሪ ሙቀት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ጋግሩት። ትሪው ላይ እንዳለ ሳይነካ ይቀዝቅዝ። ማጣበቂያው የአንድ እንቁላል ነጭና ወደ 250 ግራም የሚሆን የዱቄት ስኳር ተመትቶ ሲወፍር ነው። ግድግዳው ከቆመ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ታግሣችሁ ጣራውን ክደኑ። አንዳንዶች ስኳር አቅልጠው ያጣብቁበታል፤ የቀለጠ ስኳር ክፉኛ ስለሚያቃጥል ልጆች ባሉበት አትሞክሩት። በጾም የምትጋግሩ እንደሆነም ቤቲቱ ለማየት የምትቀመጥ ናትና እስከ ፍስኩ ቀን ትቆያለች።

ምድጃ የሌላችሁ፣ ልጁ በካርቶን ይሥራ፤ በጭቃ ይሥራ። የጎረቤት ልጆች የሠሩትንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ አሰባስቡ። የአንዷ እናት ቤት ዘንድሮ፣ የሌላዋ ከርሞ ይሁን። ሥራ የምትገቡ እናቶች ጊዜ እንደሚያጥራችሁ አውቃለሁ። እኅቴ ለዚያች አንዲት ምሽት ስትል አንድ ሌሊት ሙሉ ሠርታለች፤ ልጅቱ ግን ዛሬም የምታወራው ስለዚያች ምሽት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ልጁ ከተኛ በኋላ ተነሥታችሁ ግድግዳውን አታቅኑት።